አይሰማም

እናቴ የቀትር ዜና የምታየው ግድግዳው እስኪነዝር ድረስ ድምፁን ከፍታ ነው። እንደዚያም ሆኖ ዜና አንባቢው አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረሰ ቁጥር ወደ እኔ ትዞርና «ምን አለ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ ሰውየው ሌላ ተናግሯል።

«አሁንስ ምን አለ?»

«እማዬ፣ ዜናውን የምታዪው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

«የማየው እኔ ነኝ። አንቺ ትሰሚልኛለሽ።»

የመስሚያ መሣሪያ ገዝቼላታለሁ። ከነካርቶኑ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ «ያፏጭብኛል» ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ጋ ስውል ሥራዬን ይዤ ነው የምመጣው። የትምህርት ቤት ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ ሥራዬ ማንም የማያነበውን ሪፖርት ማንበብ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሪፖርቱን አስቀምጬ የአየር ትንበያውን ለአራተኛ ጊዜ ስደግምላት ጨጓራዬ ተላጠ።

«ደከመኝ፣ እማዬ» አልኳት። «በቃ፣ ደከመኝ።»

ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ «ለጋሽ ምናለ ዓመቱን ሙሉ ስትደግሚ ኖረሽ፣ ለእናትሽ ሲሆን ደከመሽ?» አለችኝ።

ጋሽ ምናለ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዬ ነበሩ። ስማቸው ምናለ አይደለም፤ ያወጣንላቸው እኛ ነን። አንድ ልጅ ሲያነብ ሰምተው ወደ ሌላው ዞረው «ምን አለ?» ማለት ልማዳቸው ነበር። ሴት ልጅ ስታነብ «ምን አለች?» ይሉ ነበር፤ ግን ጋሽ ምናለች የሚባል ሰው ስለሌለ ምናለ ሆነው ቀሩ። እኔን ደግሞ እሳቸው «ችኩሏ» ይሉኝ ነበር። እጄን ሳላወጣ ስመልስ፣ ሌላውን ልጅ ቀድሜ ሳነብ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉኛል። እኔ ግን አፍስሼ አላውቅም ነበር። ሰባት ዓመቴ ነው፣ የማላነበው ነገር የለም፣ የሚያናድደኝም እሱ ነበር።

ክፍላችን ውስጥ ሃምሳ አራት ልጆች ነበርን። በሌሎቹ ክፍሎች አስተማሪው ሰሌዳውን በዘንግ ይነካል፣ ልጆቹ በዜማ ሀ ሁ ሂ ሃ እያሉ ይጮኻሉ። አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልጅ ማንም ሳይነቃበት ዓመቱን ይጨርሳል። እኛም ለሁለት ወር እንደዚያው ስንጮህ ቆየን። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ስንገባ ጋሽ ምናለ ዴስኮቹን ወደ አራቱ ማዕዘኖች ገፍተዋቸው አገኘን። በየማዕዘኑ በካርቶን ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ አንደኛ ጣቢያ፣ ሁለተኛ ጣቢያ፣ ሦስተኛ ጣቢያ፣ አራተኛ ጣቢያ።

አንደኛው ጣቢያ ላይ አሸዋ የተደፋባቸው ትሪዎች ነበሩ። ድምፁን እያሰማህ ፊደሉን በጣትህ አሸዋው ላይ ትጽፋለህ። ሁለተኛው የካርድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ከሥዕሉ ጋር ታጋጥማለህ። ሦስተኛው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ መጻሕፍት ተደርድረዋል። እዚያ ነበር ያ መጽሐፍ ያለው፦ ዝሆኑ በር ላይ ተቀርቅሮ የቤቱ ሰዎች በመስኮት የሚገቡበትና የሚወጡበት፣ ባለ ቀለም ሥዕል። አራተኛው ከአስተማሪው ጠረጴዛ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ነው። አንድ ጫፉ የተሸረፈ መስታወትና በቀጭኑ የተቆረጠ ወረቀት፣ ሌላ ምንም።

ሁላችንም እኩል ብንዞር ምን ነበረበት? አልዞርንም። ጋሽ ምናለ በየልጁ የእጅ አንጓ ላይ ክር አሰሩ። ቀይ ያሰረ አሸዋው ጋ ሁለት ዙር ይቆያል። ሰማያዊ ያሰረ አሸዋውን ዘሎ ካርዱ ጋ ይቀመጣል። አረንጓዴ ያሰረ ከካርዱ አልፎ ዝሆኑ ጋ ይደርሳል። ፊደል የሚያምታታ በየተራው ወደ መስታወቱ ይመጣል፤ ሲያሻሽል ክሩ ይቀየርለታል። የእኔ ነጭ ነበር። ከሃምሳ አራት ልጅ ነጭ ያሰርኩት እኔ ብቻ፤ ነጭ ማለት ደግሞ አራተኛ ጣቢያ ነው፣ በየቀኑ፣ ያለ ዙር።

ማታ አባቴን «አራተኛ ጣቢያ አስገቡኝ» ብዬ ስነግረው ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። አባቴ ሹፌር ነው፤ ጣቢያ የሚባል ቃል በበጎ ሰምቶ አያውቅም። «ምን አድርገሽ?» አለኝ። እናቴ እስክታስረዳው ድረስ ጫማውን አድርጎ ነበር።

አንጀቴን ያሳረረው ነገር፣ ማንበብ የቻልኩት ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። እናቴ የዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ፊደል የለቀምኩት ከጽሕፈት መኪናዋ ላይ ነው። እና እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ከንፈሬን ሳይ ልዋል? መስታወቱ ላይ «መ» ከንፈር ስትገጥም፣ «ፈ» ከንፈር ስትነክስ ይታያል። «ቀ» እና «ከ» ግን፣ «ጠ» እና «ተ» ግን በመስታወት አንድ ናቸው። እዚያ ላይ ወረቀቷ ትገባለች። አፍህ ፊት ይዘሃት «ከ» ስትል ትርገበገባለች፤ «ቀ» ስትል ጸጥ ትላለች። ጋሽ ምናለ ወረቀቷን አፍጥጠው ያዩና «ጎበዝ» ወይም «እንደገና» ይላሉ። «ነገር በዓይን ይገባል» የሚለው ተረት የእሳቸው ነበር የሚመስለኝ፤ በቀን አሥር ጊዜ ነው የሚሉት።

የእኔ ሥራ ግን ወረቀቷም አልነበረችም። መላላክ ነበር። «ሁለተኛ ጣቢያ ሂጂ፣ ያ ልጅ ምን እንዳለ ስሚና ንገሪኝ።» እሄዳለሁ፣ እሰማለሁ፣ እመለሳለሁ። በሩጫ እያለፍኩ ከነገርኳቸው አይቀበሉም። «ፊት ለፊቴ ቁሚ። አፍሽን ክፈቺ። አሁን ምን አለ?» አፌ ውስጥ ምን እንደሚፈልጉ አላውቅም። በተለይ ስንጥር የምንለው ቀጭን ልጅ አለ፤ «ቀ» አይወጣለትም። «ውሻው አጥንቱን ቀበረ» የሚለውን ካርድ አንስቶ «ውሻው አጥንቱን ከበረ» ይላል። ከሁለት ሜትር ርቀት ይላል፣ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል፣ እሳቸው ወደ እኔ ዞረው «ምን አለ?»

ኧረ በስንቱ። እዚያው ቆመው አይደል እንዴ?

አሁን እንደ ትልቅ ሰው ልናገር። ጋሽ ምናለ አይሰሙም ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የጀመረ ሕመም አንዱን ጆሮ ጨርሶ ሌላውን ሊጨርስ ተቃርቦ ነበር። ሃምሳ አራት ልጅ በዜማ ሲጮህ ለእሳቸው ከሩቅ የሚሰማ ወፍጮ ነው፤ ማን እንዳነበበ፣ ማን እንዳላነበበ አያውቁም። ስለዚህ ልጁን በጥቂት በጥቂቱ ከፍለው ወደ ዓይናቸው አመጡት። አሸዋው ላይ ጣት ይታያል። መስታወቱ ላይ ከንፈር ይታያል። ወረቀቷ ትንፋሽ ታሳያለች። የቀረውን እኔ እነግራቸዋለሁ። ይህ ነገር ቢታወቅ ጠመኔውን ከእጃቸው ተቀብለው «ለማስተማር ብቁ አይደለም» ብለው ያሰናብቷቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነገሩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውና እናቴ። ዛሬ አሠልጣኞች በየአዳራሹ እየዞሩ «እያንዳንዱን ተማሪ እንደ አቅሙ በመማሪያ ጣቢያዎች» እያሉ ሲያስረዱን አጨበጭባለሁ፣ ምን ላድርግ።

ያኔ ግን የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሦስተኛ ጣቢያ መግባት እፈልጋለሁ፣ እሳቸው ከለከሉኝ።

እናቴም እንደጠላቻቸው አውቅ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዋ ጥግ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። እናቴ ለሰው ሁሉ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጋሽ ምናለ ሲገቡ ግን ብድግ ትላለች፣ በሩንና መስኮቱን ትዘጋለች፣ ፊት ለፊታቸው ቆማ ትጮኽባቸዋለች። እሳቸው አቀርቅረው አይሄዱም፤ አፏን እያዩ ይቆማሉ። ሐፍረት እንኳ የላቸውም እል ነበር።

አንድ ቀን በዚሁ ጩኸት መሐል የእኔ ነገር ተነሣ።

«ልጅቷን ከጎንዎ አይለዩዋት!» አለች እናቴ። «አንደበቷ የጠራ ነው!»

«ታኮርፈኛለች እኮ» አሉ እሳቸው።

«ታኩርፋ! እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይያዟትና ከዚያ በኋላ መላ አይጠፋም!»

የሰማሁት ይህን ነው። ወላጅ እናቴ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲያስሩኝ ለጠላቷ አሳልፋ ሰጠችኝ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም፣ ምክንያቱን የጠየቀኝም የለም። ዛሬ ሳስበው ምስጢር በጩኸት የሚወራበት ቢሮ ከዚያ ሌላ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

በዚህ መሐል የሌሎቹ ክፍሎች አስተማሪዎች ማጉረምረም ጀመሩ። «የጋሽ ምናለ ክፍል ዕቃቃ ጨዋታ ሆኗል» ይላሉ። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ በመስኮት አይቶ «ክፍል ነው ወይስ ገበያ?» ብሎ ሄደ። በመጨረሻ ሱፐርቫይዘር አስጠራ።

ሱፐርቫይዘሩ የመጣው ማክሰኞ ነው። ያን ጠዋት እናቴ ፀጉሬን ስትጎነጉን፣ «ዛሬ ከጎናቸው ንቅንቅ እንዳትዪ። የጠየቁሽን ሁሉ መልሺላቸው። ሰማሽ?» አለችኝ። ሰማሁ። እኔ መቼ አልሰማሁም? ጋሽ ምናለም ስገባ ጎንበስ ብለው፣ «ዛሬን ብቻ እርጂኝ፤ ነገ ሦስተኛ ጣቢያ ነሽ» አሉኝ። ይህን «ነገ» ከሰማሁት ወር አልፎታል።

ሱፐርቫይዘሩ ረጅም ሰው ነው፤ ጢሙ ከንፈሩን አልፎ አገጩ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። እንዴት ሾርባ እንደሚጠጣ እያሰብኩ ሳየው ቆየሁ። ጋሽ ምናለ ደግሞ ሲያዩት ፊታቸው አመድ ሆነ። ፈሩት ብዬ ነበር። የፈሩት ሰውየውን ሳይሆን ጢሙን ነው፤ አፉ አይታይም።

መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። ሰውየው በየጣቢያው እየዞረ አየ፣ አሸዋው ላይ ራሱም አንድ ፊደል ጻፈ። ከዚያ መሐል ክፍል ላይ ቆመና ከዚያ ሁሉ ጢም ሥር፣ «ሁሉም ልጅ እኩል ለምን አይሠራም?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ምናለ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን አለ?»

እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ወደ ሦስተኛ ጣቢያ እያየሁ ነበር። ስንጥር። ስንጥር፣ «ቀ» የማይወጣለት ልጅ፣ በአዲስ አረንጓዴ ክር ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጦ የዝሆኑን ገጽ በምራቅ በራሰ ጣቱ ይገልጣል። እኔ እዚህ ቆሜ «ምን አለ»። ደሜ ፈላ።

«እርስዎ ራስዎ አይሰሙም እንዴ?» አልኳቸው፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። «ጆሮ የለዎትም?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጆቹ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ በአንዴ ቆመ። ጋሽ ምናለ አልተቆጡኝም። አፌን አዩት፣ የተናገርኩትን ከከንፈሬ ላይ አነበቡት፣ ከዚያ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ሱፐርቫይዘሩ ቀስ ብሎ ተራምዶ ከኋላቸው ቆመ።

«መምህር፣ ጠመኔ ወድቆብዎታል» አለ።

አልዞሩም። ጠመኔው እግራቸው ሥር ተሰብሮ ተኝቷል። «መምህር» አለ ሰውየው እንደገና። ጆሮ ዳባ ልበስ። ለካ እሳቸውም ሲፈልጉ ኩሩ ናቸው ብዬ ትንሽ ደነቀኝ። የዞሩት ሃምሳ አራት ልጅ ከጀርባቸው ያለውን ሰው እያየ መሆኑን ሲያስተውሉ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ምንም ሳይል እስክሪብቶውን አወጣና ጻፈ።

ዳይሬክተሩ ያን ቀን ስብሰባ ሄዶ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ መኪና እየጠበቀው ስለነበር በእጁ የጻፈውን ሪፖርት «በሦስት ኮፒ ይተየብ» ብሎ እናቴ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ሄደ። ምሳ ሰዓት ስደርስ እናቴ ካርቦን ልታመጣ ዕቃ ቤት ገብታ ነበር። እኔ ደግሞ ወረቀት አይቼ ማለፍ አልችልም። መጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «መምህሩ አይሰማም። አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድ።»

ፊደላችን አንድ ጉድ አለው፤ መላላትና መጥበቅን አይጽፍም። አላልተህ ስታነበው «ጆሮው አይሰማም» ነው። እንደዚያው አላልተህ «ምክር አይሰማም» ነው። አጥብቀህ ስታነበው ደግሞ «ድምፁ አይሰማም» ይሆናል። አንባቢው ማጥበቅና ማላላቱን ከልቡ ያመጣል። እኔም ከልቤ አመጣሁ፦ ምክር አይሰማም። ልክ ነው። ሦስተኛ ጣቢያ አስገቡኝ ብዬ ስለምናቸው ስንት ወር ሆነ፣ መቼ ሰሙኝ? «አይሰሙም» እንኳ ሳይል፣ ዘሎ «አይሰማም»። ሪፖርት ሽማግሌ አያከብርም ማለት ነው ብዬ እሱም ደስ አለኝ።

እናቴ ስትመለስ የምሥራች ነገርኳት። «እማዬ፣ ሱፐርቫይዘሩ ጋሽ ምናለ አይሰማም ብሎ ጻፈባቸው።»

ካርቦኑ እጇ ላይ እንዳለ ቆመች። «ለምን እንደዚያ ጻፈ? ምን አየ?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ የጢሙን፣ የጠመኔውን፣ እኔ ያልኩትንም ሳልቀንስ፣ እንዲያውም ድምፄን አስመስዬ። ትስቃለች ብዬ ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን አነበበች። ከዚያ «አንቺ ልጅ» ብላ የቀረውን ዋጠችው።

ወረቀት አስገባች፣ መተየብ ጀመረች። የእናቴ ጽሕፈት መኪና ሲሮጥ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው የሚመስለው። መጨረሻው መስመር ላይ ዝናቡ ቆመ። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ በአንድ ጣት፣ አንድ በአንድ፣ ቀጠለች።

ስትጨርስ ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት። «የመምህሩ ድምፅ አይሰማም። አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድ።»

«እማዬ፣ ተሳስተሻል። እሱ ‹መምህሩ› ነው ያለው። አንድ ቃል ጨምረሻል።»

«መኪናው ነው የጨመረው።»

«መኪና ቃል አይጨምርም።»

«ይሄኛው ይጨምራል» አለችና በእጅ የተጻፈውን አራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በዚያው ዳይሬክተሩ ከስብሰባው ገባ። ሦስቱን ኮፒ ተቀበለ፣ ማህተሙን ከመሳቢያ አወጣ፣ ማንበብ ጀመረ። መጨረሻው ላይ ቅንድቡን ሰቀለ። «ድምፁ አይሰማም? እኔ እኮ የዚያ ክፍል ጩኸት ነው የሰለቸኝ።» ወደ እናቴ ዞረ። «በደንብ አይተሽ ነው የጻፍሽው?»

አፌን ከፈትኩ። ስሕተት አይቼ ዝም ማለት አልችልም፣ ዛሬም አልችልም። «የመምህሩ ድምፅ» አይልም ልል ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ የእናቴን እጅ አየሁ። ቦርሳዋን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ሥር እየገፋ ነበር። ገባኝ። እናቴ አንድ ቃል አሳስታ መተየቧ ከታወቀ ከሥራ ትባረራለች ማለት ነው። ጸሐፊ ሌላ ሥራ የላትም፤ ሥራዋ አለመሳሳት ነው። አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁትን ስሕተት ዋጥኩ።

ዳይሬክተሩ ፈረመ፣ ማህተሙን ሦስት ጊዜ መታ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አስፈላጊውን እርምጃ ወሰደ፤ ጋሽ ምናለን ግቢው ውስጥ አስቁሞ በእጁ እያሳየ «ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው እስከ ዓመቱ መጨረሻ እየጮኹ አስተማሩን። ሱፐርቫይዘሩ ሪፖርቱን መልሶ አይቶት ከሆነ ምን አለች በሉኝ። ሙያውን ስለማውቀው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ምናለ ነጩን ክር ከአንጓዬ ፈትተው አረንጓዴ አሰሩልኝ። አልተቆጡም፣ «ችኩሏ» አላሉኝም፣ ፈገግም አላሉ። በጣታቸው ሦስተኛውን ጣቢያ አሳዩኝ። አሸነፍኩ። ሮጥኩ። ዝሆኑን ከስንጥር እጅ ነጥቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሲያልቅ ደግሜ አነበብኩት። ዝሆኑ ሁለተኛም ጊዜ አልወጣም።

ነጩን ክር ለማንም አላሰሩም። አራተኛ ጣቢያ ላይ ብቻቸውን ቆሙ። «ምን አለ?» ማለትም ተዉ። አንዱ ያነባል፣ እሳቸው «ጎበዝ» ይላሉ። ሌላው ያነባል፣ «ጎበዝ»። «ጣሪያ» የሚለውን «ታሪያ» ላለ ልጅ፣ «ጎበዝ»። ረቡዕን ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ። ሐሙስ ስንጥር ወደ ካርዱ ተመልሶ የዕድሜ ልክ ካርዱን አነሣ።

«ውሻው አጥንቱን ከበረ።»

«ጎበዝ!» ብለው ጮኹ።

«አላለም!» አልኩ ከምንጣፉ ላይ። አልዞሩም። «ጋሼ፣ ቀበረ አላለም!» ምንም። መጽሐፉን ወረወርኩ፣ በሁለት ዴስክ መሐል ሾልኬ ሄድኩ፣ ፊት ለፊታቸው ቆሜ እስከ መንጋጋዬ አፌን ከፈትኩ። «ከበረ ነው ያለው። ቀበረ አላለም። እንዴት ጎበዝ ይሉታል?»

አፌን አዩ። ቆየት ብለው፣ «ምን አለ?» አሉኝ፣ በቀስታ።

«ከበረ። ከ። ወረቀቷን ያምጡና ይዩት።»

ወረቀቷን አመጡ። እኔም የዚያን ቀን ወደ ምንጣፉ አልተመለስኩም፣ በማግስቱም አልተመለስኩም። አዝኜላቸው ነው ብል ደስ ባለኝ። ውሸት ነው። በክፍሉ ውስጥ «ከበረ» እየተባለ ማንበብ ስላቃተኝ ነው። አረንጓዴው ክር እጄ ላይ እንዳለ በገዛ ፈቃዴ አራተኛ ጣቢያ ገባሁ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ተነጫነጭኩ። በፈተናው ከሃምሳ አራታችን ያላነበበ አልነበረም። ስንጥር ሳይቀር «ቀበረ» አለ፤ ወረቀቷ ጸጥ ብላ ስትቆም ጋሽ ምናለ ማንንም ሳይጠይቁ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሁለት ዓመት አስተማሩና በራሳቸው ጥያቄ ቤተ መጻሕፍት ገቡ።

እስከዚህ ድረስ የማውቀው ነበር። ጆሯቸውን የተረዳሁት አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ መንገድ ላይ ከኋላ ጠርቻቸው ሳይዞሩ አለፉ። የተጨመረችውን ቃልም ያኔ ገጣጠምኩት። ባለፈው ቅዳሜ ግን እናቴ የማላውቀውን ነገረችኝ፣ ለዚያውም ዓይኗ ዜናው ላይ እንዳለ።

«ያን ማክሰኞ ማታ የሥራ መልቀቂያ ጽፈው ነበር እኮ» አለች።

«ማን?»

«ጋሽ ምናለ ናቸዋ። ሱፐርቫይዘሩ ባይጽፍም ልጅቷ ተናግራለች አሉ። የሰባት ዓመት ልጅ ካወቀች አበቃ፣ በክብር ልውጣ አሉ። አትቆጫት፣ ጥያቄዋ ትክክል ነው አሉኝ። ደብዳቤውን እንድተይብላቸው ሰጡኝ፤ ዓርብ ሊያስገቡት ነበር። ሳመነታ ሳመነታ ሐሙስ ከሰዓት ጀመርኩት። እስከ ግማሽ ደርሼ ነበር።»

«እና?»

«መጡ። በሩንም አልዘጉ። ከመኪናው ላይ ወረቀቱን ሳብ አድርገው አወጡና፣ ‹ተይው፤ ችኩሏ ተመልሳለች› አሉኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «ይቅር ልትያቸው የመጣሽ መስሏቸው ነበር።»

«ስንጥር ‹ከበረ› ስላለ ነው እኮ የሄድኩት።»

«አውቃለሁ። እኔ አልነገርኳቸውም።»

ሪፖርቶቹ ጭኔ ላይ ናቸው። የአየር ትንበያው አልቆ ዜና አንባቢው ተመልሶ እሱኑ በአጭሩ ይደግማል፤ ግድግዳው ይነዝራል። እናቴ ልማዷ ነውና ጎኔን በክርኗ ነካችኝ።

«ምን አለ?»

ተነሣሁ። ወንበሬን ጎትቼ ቴሌቪዥኑን በጀርባዬ ከልዬ ፊት ለፊቷ አስቀመጥኩት። ጉልበታችን እስኪነካካ ተጠጋሁ፣ አፌን ከፈትኩ።

«ነገም ይዘንባል አለ፣ እማዬ።»

አፌን አየችው። «አሁን ይሰማል» አለች።